መዶሻ ያልነበረው እንጨት

አያቴ ዳኛ ነበረች ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬያለሁ። ማመን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ አውርቻለሁ፣ በእሷ ስም ሁለት ጠብ ፈርጃለሁ፣ አንዱን ልጅ እንዲያውም «አሳስርሃለሁ» ብዬ ከብይ ጨዋታ አባርሬዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ብቻ አልነበረም። ትልልቆቹ ነገሩን በግማሽ አፍ ይናገሩታል፣ እኔ የቀረውን ግማሽ ከራሴ እሞላዋለሁ።

የጀመረው በከተማው መናፈሻ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት ነው። ከዳክዬዎቹ ኩሬ ጀርባ፣ በትልልቅ ዛፎች መሃል የቆመች፣ መስኮቶቿ አረንጓዴ የተቀቡ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ናት። አንድ ስመ ጥር ዳኛ አርባ ዓመት ኖረውባታል። ከሞቱ በኋላ ቤቷ ለብዙ ዘመን ተዘግታ ቆየች፤ እኔ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ግን ታድሳ ሙዚየም ሆነች። ቅዳሜ ጠዋት መግቢያው በነጻ ነበር። እናቴ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ፖስታ ቤት ትሠራለች። እሷ ከቤት እንደወጣች እምዬ (አያቴን የምጠራት እንዲህ ነው) የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ ጫማዋን ሁለት ጊዜ ወለወለች፣ እጄን ያዘችና «ነይ አንድ ቤት ላሳይሽ» አለችኝ።

ፊት ለፊት ካለው በር ስንደርስ ቆመች። ዘበኛው «ይግቡ እማማ» ቢላት አልሰማችውም። የጫማዋን ሶል ምንጣፉ ላይ አንዴ ጠረገች፣ ደገመች፣ ከዚያ ቀኝ እግሯን እንደ ሙሽራ አስቀድማ ገባች።

«በዚህ በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ።

እኔም ትላልቅ ሰዎች የራሳቸው የተለየ በር አላቸው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በእርግጥም የተለየ በር ነበራት። ከኋላ በኩል፣ ከከሰል መጋዘኑ አጠገብ ያለው ዝቅ ያለ በር ነው፤ ዛሬም አለ፣ መጥረጊያ ይቀመጥበታል።

ቤቱ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የወለል ሰም ይሸታል። አስጎብኚው አንድ ቀጭን ወጣት ነበር፤ የሚናገረውን በቃሉ አጥንቶ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ያወርደዋል። ደረጃው ጋ ስንደርስ እምዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ሦስተኛውን ዝለይው፣ ይጮኻል» አለችኝ። ልጅ አይደለሁ፣ አውቄ ረገጥኩት፤ ጮኸ። አስጎብኚው ዘወር ብሎ አየን። እምዬ የደረጃውን እጀታ እስከ ላይ ድረስ እየዳሰሰች ወጣች።

ፎቁ ላይ የዳኛው የሥራ ክፍል አለ። በቀይ ገመድ ታጥሯል፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሪዝ ያላቸው ዳኛ በፎቶ ያፈጣሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ሳጥኑ ውስጥ ከጥቁር ቡናማ እንጨት የተቀረጸ ዕቃ አለ፤ ክብ አናት ያለው፣ አናቱ እንደ እንጉዳይ ደፋ ያለ፣ ከሥሩ አጭር እጀታ የወጣለት። ማንበብ አዲስ ስለሆነብኝ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ የማነብበት ጊዜ ነበርና ከሥሩ ያለውን ወረቀት አነበብኩት። «ክቡር ዳኛው በችሎት ጸጥታ ያስከብሩበት የነበረ መዶሻ።»

እምዬ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ሳቋ ቀጥ አለ።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«ምኑ እማማ?» አለ አስጎብኚው።

«እንጨቱ ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ሠርቻለሁ። በዚህ እንጨት ብቻ አራት ዓመት። በል ክፈትና ስጠኝ።»

«እማማ፣ የዳኛው መዶሻ እኮ ነው! ስንቱን ባለጉዳይ ጸጥ ያሰኙበት።»

«ሰውዬው? በዚህ? ዝንብ አልገደለበትም!»

ጫጫታውን ሰምታ የሙዚየሙ ኃላፊ መጣች። መነጽሯን በሰንሰለት ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። «ይቅርታ እናቴ፣ ምን ሠርተውበት ነው የእርስዎ የሆነው?» አለቻት።

እምዬ አፏን ከፈተች። ከዚያ እኔን አየችኝ። የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋች። «ይቺ ልጅ ባትኖር እነግርሽ ነበር» አለቻትና እጄን ይዛ ወጣች።

እንግዲህ ፍረዱ። ቤቱን ጓዳ ጎድጓዳውን ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። የዳኛው መዶሻ የእሷ ነው። በዚያ ላይ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣላ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ባለሪዙ ሰውዬ ወንበሯን የቀማት ሌባ ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ነገሩ ጭራሽ ተረጋገጠልኝ። እኔ ከማድ ቤቱ በር ውጪ ተቀምጬ የልብስ ቁልፎች በየቀለማቸው እለያለሁ፤ እነሱ ውስጥ ናቸው። ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«ሄድሽ አይደል?» አለች እናቴ።

«ሄድኩ።»

«ያንን ሥራሽን አታንሺብኝ ብዬ ለምኜሽ አልነበር? ነገ ልጄ ትምህርት ቤት መጠቋቆሚያ ትሁን?»

«ምን ሰርቄያለሁ?»

«አልሰረቅሽም። ግን ሰው አያውቅም፣ አይወቅም! መሥሪያ ቤቴ ቅጽ ላይ ‹እናት የቤት እመቤት› ብዬ ነው የሞላሁት።»

«ዕቃዬን በሰውዬው ስም መስታወት ውስጥ ከተውታል እኮ!»

«እንጨት ነው እማዬ። እንጨት!»

«አባትሽ የቀረጸው ነው።»

ከዚያ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተይው በሞቴ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት።

«ስንት ዓመት ይደር?» አለች እምዬ። ቢሆንም ለልጇ ቃል ገባች፤ እንጨቱ ምን እንደነበር ለማንም አልናገርም አለች። እኔ በበኩሌ ይህ ሁሉ ምስጢር የመጣው እምዬ ስንቱን ወንበዴ ስላሳሰረች፣ ጠላቶቿ እንዳያገኟት ነው ብዬ ደመደምኩ። በሩን ማታ ማታ መቀርቀሩን የማረጋግጠው እኔ ሆንኩ።

እምዬ ቃሏን ጠበቀች፤ ግን እንዴት አድርጋ! በየቅዳሜው እየሄደች መስታወቱ ሥር ትቆማለች። አስጎብኚው ሰዎች ይዞ ይመጣና «ይህ የክቡር ዳኛው መዶሻ ነው» ይላል። እምዬ «አይደለም» ትላለች። በቃ። ሌላ ቃል የለም። ሰዎቹ «ታዲያ ምንድነው?» ብለው ይጠይቋታል። ምን እንደሆነ አልናገርም ብላለች፤ ምን እንዳልሆነ አልናገርም ግን አላለችም። ምስኪኑ አስጎብኚ እዚያ ክፍል ሲገባ ማላብ ጀመረ። በሁለተኛው ወር ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «መመሪያ ነው እማማ፣ እንዳይገቡ ተብሏል» አላት። እምዬ ጸብ አላነሳችም። ቤቱን ዞራ ከሥራ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ አበቦቹ መሃል ቆመች፣ የአስጎብኚው ድምፅ እስኪሰማ ጠበቀች፣ ከዚያ ወደ ላይ «አይደለም!» አለች። ዳክዬዎቹ ተነስተው በረሩ። ዓይኗን በጨው ያጠበች አያት ስላለችኝ እኮራ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሆነን ትምህርት ቤታችን ያንን ሙዚየም ሊያስጎበኘን ወሰደን። አርባ ልጆች ደረጃውን እያስጮኽን ወጣን። አስጎብኚው ጣሪያውን እያየ «ይህ የክቡር ዳኛው...» ሲል ድምፄ ሳላዝዘው ወጣ።

«አይደለም! የአያቴ መዶሻ ነው! ዳኛዋ እሷ ነበረች!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስጎብኚው «እንዴ! የዚያች ሴትዮ የልጅ ልጅ ነሽ?» ብሎ ግንባሩን ያዘ። ቲቸራችን፣ ሲራመድ እንኳ የሚያስፈራን ረጅም ሰው፣ ጆሮዬን ይዞ «ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ትመጪና ስለ ውሸትሽ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» አለኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለእምዬ ነገርኳት። ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ቦርሳዋን አንጠልጥላ አብራኝ መጣች።

ክፍሉ ጢም ብሏል። ቲቸር ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆመኝና «በይ» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እምዬ ግን ቀደመችኝ።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ውሸታም አይደለችም» አለችው። «ተሳስታለች። ያሳሳትናት ደግሞ እኛ ነን። አሁን አንተ እስቲ ጫማህን አውልቅ።»

«ምን አሉኝ እማማ?»

«የቀኙን። ስትገባ አረማመድህን አይቻለሁ፤ ጣትህ ወጥቶ ይቆረቁርሃል።»

ቲቸር ሊቆጣ አሰበ። የእምዬን ዓይን ሲያይ ተወው። ጫማውን አወለቀ፤ እውነትም አውራ ጣቱ ከካልሲው ወጥቶ ይታያል። አርባ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። እምዬ ካልሲውን ተቀበለችው፣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች፣ ከዚያ አንድ የተቃጠለ አምፖል። አምፖሉን አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ካልሲ ስትሰፋ ሁልጊዜ የምትይዘው ነው። ካልሲው ውስጥ ከተተችው፣ ጨርቁን ወጠረችበት፣ ክሩን በቁመቱ ደረደረች፣ ከዚያ በአግድሙ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሳለፈች መሸመን ጀመረች። እየሠራች ተናገረች።

«እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ልብስ አጣቢ ነበርኩ። አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የተቀደደ እሰፋለሁ። ዳኛው ሲያስቡ ክፍሉን እየዞሩ ስለሚሄዱ ካልሲ አይበረክትላቸውም። መዶሻ የምትሉት እንጨት ካልሲ የምሰፋበት ነው። አሁን አምፖል እንደያዝኩት እይዘው ነበር። ሂዱና አናቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መዶሻ ቢሆን ይሰነጠቅ፣ ይጎደጉድ ነበር። ያ ግን በመርፌ የተጫጫረ ነው። የጫርኩት እኔ ነኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ካልሲውን ለቲቸር ሰጠችው። ቲቸር አገላብጦ አየው፤ ስፌቱ የት እንደጀመረ አልታየውም። «ይቅርታ እማማ» አለ። ይቅርታውን የጠየቀው እሱ ሆነ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ያ ጠዋት ምን እንዳስከፈላት አውቃለሁ። ለልጇ የገባችውን ቃል ሰበረች፤ እኔን ውሸታም እንዳይሉኝ። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ዳኛ የነበረች አያቴ ከዙፋኗ ወርዳ ከቆሻሻ ካልሲ ክምር ሥር መቀመጧ ብቻ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ እጇን አልያዝኩም። መንገዱ እኩሌታ ላይ ቆመች።

«አፈርሽብኝ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ይሁን፣ እፈሪ። እኔ ግን አንድ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ዛሬም ለአንቺ ብዬ አልጀምርም።»

እሷ ቀድማኝ ሄደች፣ እኔ ከኋላ። ትምህርት ቤት ስሜ «ካልሲ» ሆነ። እናቴ ሦስት ቀን እምዬን አላነጋገረቻትም።

የአርባ ልጅ አፍ ግን ቀላል አይደለም። ልጆቹ ለወላጆቻቸው አወሩ፣ ወላጆቹ እየሄዱ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ደቅነው ጭረቱን ፈለጉ፣ አገኙትም። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኃላፊዋ ቤታችን መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኸው እናቴ፣ ይውሰዱት። ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ» አለች።

እምዬ ጋዜጣውን ፈታችው። እንጨቱን በግራ እጇ ያዘች፣ በቀኝ አውራ ጣቷ አናቱን ዳሰሰች። ከዚያ ለእኔ ነገረችኝ፤ ሌላው ሰው የሌለ ያህል።

«አያትሽ አናጺ ነበር። ደረጃውን ሊጠግን መጣ። ካልሲ በብርጭቆ ስሰፋ አየኝና ብርጭቆው ተሰብሮ እጅሽን ይቆርጥሻል ብሎ ከደረጃው እጀታ በተረፈ እንጨት ይሄን ቀረጸልኝ። ሦስተኛውን ደረጃ ደግሞ አውቆ አላላው፤ እመቤቲቱ፣ የዳኛው ሚስት፣ ስትወጣ እንዲያስጠነቅቀን። አራት ዓመት እንደዚያ ተጫወትን። መጋባታችንን እመቤቲቱ የሰማች ቀን በኋላው በር አስወጥታ ዘጋችብኝ። ዕቃዬን እንኳ አልሰበሰብኩም።»

እናቴ ፊቷን አዙራ ቆማ ነበር። «ውሰጂውና ይለቅልን እማዬ» አለች።

«ወረቀቱስ?» አለች እምዬ ለኃላፊዋ።

«ወረቀቱማ... ሌላ መዶሻ ገዝተን እናስቀምጣለን። ስለዚህ ወረቀቱ ልክ ይሆናል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ እንጨትዎን አገኙ እኮ።»

እምዬ እንጨቱን ሳመችው። ከዚያ መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለችው፤ ጠርዙን እንደ ታጠበ ልብስ አስተካክላ አጠፈች፣ ወደ ኃላፊዋ ገፋችው።

«አንዴ በኋላ በር አስወጥታችሁኛል። ባሌ የሠራልኝን ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልዬ በኋላ በር አላስወጣም። ወስደሽ ከነበረበት አስቀምጪው፣ ሰው ይየው። ወረቀቱን ቀይሪና ስሜን ከነአባቴ ጻፊበት። ያኔ የፈለግሽውን ያህል ይቀመጥልሽ።»

«በክቡር ዳኛው ክፍል የልብስ አጣቢ ስም መጻፍ አልችልም እናቴ።»

«እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ።»

እኔ አለቀስኩ። አያቴ አብዳለች ብዬ አሰብኩ፤ ዓመት ሙሉ የጮኸችበትን ነገር እጇ ላይ ሲያስቀምጡላት መለሰችው! እኛ ቤት ውስጥ ወንድ አያቴ የሠሩት ሌላ ነገር አንድም እንዳልነበረ፣ መሣሪያዎቻቸው ሳይቀሩ ተሸጠው እናቴ እንደተማረችበት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ኃላፊዋም እልኸኛ ነበረች፤ እንጨቱን ከነወረቀቱ እዚያው መለሰችው። እምዬ ከስድስት ዓመት በኋላ ሞተች። ወረቀቱ አልተቀየረም። ተሸነፈች ብዬ ብዙ ዘመን አዘንኩላት፤ ተናደድኩባትም።

አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። «ከሙዚየሙ ነው። እናትዎን መጥተው ይውሰዱልን» አለኝ አንድ ወንድ። ወድቃ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። እናቴ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ብቻዋን ርቃ አትሄድም ብዬ ነበር የማስበው።

በሩ ላይ ዘበኛው ጠበቀኝ። አዲስ ነው፣ ወጣት ነው። «አልታመሙም» አለኝ። «ሦስተኛ ቅዳሜያቸው ነው፤ ጉብኝቱን እያስተጓጎሉብን ነው። ትልቅ ሰው ስለሆኑ መጎተት አልቻልንም።»

ወደ ላይ ወጣን። የሥራ ክፍሉ በተማሪዎች ተሞልቷል። እናቴ ከመስታወቱ ሳጥን አጠገብ ቆማለች፤ የክት ልብሷን ለብሳ፣ በቀዩ ገመድ ላይ እጇን አሳርፋ። አስጎብኚዋ ልጅ እግር ሴት ናት። ስለ መዶሻው ማንበብ እንደጀመረች እናቴ ጣልቃ ገባች፤ የፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሠላሳ ዓመት ወረፋ ባስከበረችበት ድምፅ።

«ልጆች፣ ይሄ ካልሲ መስፊያ ነው» አለች። ከዚያ የእምዬን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራችው። «እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ልብስ አጥባለች። እንጨቱን የቀረጸላት ባሏ ነው። የወጣችሁበትን ደረጃም የጠገነው እሱ ነው።»

አስጎብኚዋ ግራ ገባት። «እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ? ማን ነዎት?» አለቻት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በየቅጹ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠርግ ቤቱ ይህን ጥያቄ ሸሽታ ነው የኖረችው። አሁን አገጯን ቀና አደረገች።

«የዚህ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነኝ» አለች። «ወረቀቱ እስኪቀየር እመጣለሁ።»

ዘበኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እባክዎ ይዘዋቸው ይውጡ» አለኝ። ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩኛል። እናቴም አየችኝ፤ ይዣት እወጣለሁ ብላ ፈርታ እንደነበር ከዓይኗ ገባኝ። ገመዱን አልፌ ከጎኗ ቆምኩና እጇን ያዝኩ።

«እኔ ደግሞ የልጅ ልጇ ነኝ» አልኩት። «የሚመጣው ቅዳሜ ልጄንም ይዣት እመጣለሁ።»